ከባትሪ ድንጋይ እስከ እንጀራ ምጣድ፤ ኮረንቲ ሄዶ የሚመለስበት መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው የወገራን ደጋ ሲይዝ የሚያገኛት ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ናት። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ ብርዷ የታወቀ ነው፤ አገሩም የገብስና የባቄላ አገር ነው። በዚህች ከተማ፣ እንዲሁም በሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ ማታ ማታ ከየቤቱ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «መብራት መጣ» ወይም «መብራት ሄደ» የሚለው ነው።

አነጋገሩ ያግባባል፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ኤሌክትሪክን በትምህርት ለሚያጠና ወጣት አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ሊያሳድርበት ይችላል። ኤሌክትሪክ እንደ እንግዳ ሰው በአንድ በር ገብቶ፣ አምፑሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ እዚያው የሚያልቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው ሄዶ ሲመለስ ብቻ ነው። የመመለሻ መንገድ ያልተዘጋጀለት ኮረንቲ መሄዱንም አይጀምርም። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የተረዳ ተማሪ የቀረው ትምህርት አይከብደውም። ያልተረዳው ግን በፈተና ከመውደቁም በላይ በቤቱና በሕይወቱ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ጉዳይ ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት ሹማምንት በሚገባ መንገድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የወፍጮ ቤት ቺንጋ

ምሳሌውን ሁላችንም ከምናውቀው ከወፍጮ ቤት እንውሰድ። ሞተሩ በአንድ ወገን፣ ወፍጮው በሌላ ወገን ይቆማል፤ በመካከላቸውም ቺንጋው ይዞራል። ቺንጋው ጉልበቱን ከሞተሩ ተቀብሎ ለወፍጮው ያስረክባል እንጂ ራሱ ዱቄት ሆኖ አይወጣም። ወደ ወፍጮው የሄደው ቺንጋ ስንት ክንድ ቢሆን ወደ ሞተሩ የሚመለሰውም ያንኑ ያህል ነው። በአንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ደግሞ ግማሹ ሠርቶ ግማሹ አይቆምም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆማል።

የኤሌክትሪክም ጠባይ እንደዚሁ ነው። በመዳብ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ በዐይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ሞልተዋል። ባትሪም ሆነ ጄኔሬተር እነዚህን ይገፋቸዋል እንጂ አይፈጥራቸውም። አምፑሉም ጉልበታቸውን ይወስዳል እንጂ እነሱን አይበላቸውም። ኮረንቲ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም የሚሮጥ፣ የሚፈስ ማለት ነው። ይህ የሚፈሰው ነገር ከምንጩ ወጥቶ ወደ ምንጩ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ ሰርኪት ይባላል፤ በአማርኛ ዑደት ልንለው እንችላለን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ውስጥ የሚጓዙት እጅግ በዝግታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ማብሪያውን ስንጫን መብራቱ ወዲያውኑ እንዴት ይበራል? ቢባል መልሱ ከቺንጋው ይገኛል። ቺንጋው በዝግታም ቢጀምር ሁሉም ክፍሉ በአንድነት ስለሚንቀሳቀስ ወፍጮው ወዲያው ይነሣል። ሽቦውም አስቀድሞ በኤሌክትሮን የተሞላ በመሆኑ በአንደኛው ጫፍ ያለው ግፊት በቅጽበት ሌላው ጫፍ ዘንድ ይደርሳል።

በአንድ ድንጋይና በአንድ አምፑል

ይህን ለማየት የሳይንስ ላቦራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፑልና አንድ ስንዝር ሽቦ ይበቃሉ። የድንጋዩ ኃይል 1.5 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ ሰውን አይጎዳም።

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ሲሞክር ሽቦውን ከድንጋዩ ራስና ከአምፑሉ ጋር ብቻ አገናኝቶ ብርሃን ይጠብቃል። አይበራም። ምክንያቱም መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አላዘጋጀም። አምፑሉን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት የመገናኛ ቦታዎች ያገኝበታል፤ አንደኛው ከታች ያለችው ጉብ ያለች ነጥብ፣ ሁለተኛው ጎኑን የከበበው ብረት ነው። ነጥቧን በድንጋዩ ራስ ላይ አሳርፎ፣ ሽቦውን ከጎኑ ብረት ወደ ድንጋዩ ቂጥ ያገናኘ ተማሪ ወዲያውኑ ብርሃን ያያል።

ከዚህ ቀጥሎ ሽቦውን በመካከል ቈርጦ በክፍተቱ ውስጥ ልዩ ልዩ ዕቃ ማግባት ነው። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ምስማር ሲገባበት ይበራል። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ጨርቅ ሲገባበት አይበራም። የእርሳስ ውስጡ ጥቁሩ ክፍል ሲገባበት ደግሞ ብረት ሳይሆን ያሳልፋል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ይደክማል። በዚህ ዐይነት ተማሪው የሚያስተላልፈውን ከማያስተላልፈው፣ በቀላሉ የሚያስተላልፈውንም በግድ ከሚያስተላልፈው ለይቶ ያውቃል። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያና ማጥፊያም ታስቦበት የተሠራ ክፍተት ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቃለን። አምፑል ሳይኖር የድንጋዩን ራስና ቂጥ በሽቦ ብቻ ያገናኙ እንደ ሆነ ሽቦው ይግላል፤ ድንጋዩም ቶሎ ያልቃል። ሕዝባችን ኮንታክት የሚለው ይህን ነው። ኮረንቲው በመንገዱ ላይ ሥራ ሳያገኝ በአጭሩ ሲመለስ ጉልበቱን ሁሉ በሽቦው ላይ ያራግፋል። በ1.5 ቮልት ጣትን ያሞቃል፤ በቤት ውስጥ በ220 ቮልት ቢሆን ግን እሳት ነው። ስለዚህ ማናቸውም ተማሪ ይህን ሙከራ በድንጋይ እንጂ በግድግዳ ሶኬት ከቶ እንዳይሞክር።

ሦስቱ መለኪያዎች

የመጀመሪያውን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1800 የሠራው ኢጣልያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። የብርና የዚንክ ክብ ቁራጮችን በጨው ውኃ በራሰ ካርቶን እየለየ ደራርቦ ያለማቋረጥ የሚፈስ ኮረንቲ አገኘ። ቮልት የተባለው መለኪያ ከስሙ የተወሰደ ነው። አምፔር የተባለው ከፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር፣ ኦም የተባለው ደግሞ ከጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም ስም የተገኙ ናቸው።

ቮልት የግፊቱ መጠን ነው። አምፔር በአንድ ሴኮንድ የሚፈሰው የኮረንቲ ብዛት ነው። ኦም መንገዱ ኮረንቲውን የሚቃወምበት መጠን ነው። ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ሦስቱን ያያይዛቸዋል፤ ቮልት ማለት አምፔር ሲባዛ በኦም ነው። ቮልትና አምፔር ሲባዙ ደግሞ ዋት ይሆናሉ፤ ይህም ሥራው የሚሠራበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ በሁለት ድንጋይ፣ ማለት በ3 ቮልት፣ የሚሠራ የእጅ ባትሪ 0.3 አምፔር ቢያሳልፍ የአምፑሉ ተቃውሞ 10 ኦም፣ የሚወስደውም ኃይል 0.9 ዋት ነው።

ተከትሎ መሰለፍና ጎን ለጎን መቆም

ሁለት አምፑሎችን አንዱን ከአንዱ አስከትለን በአንድ መንገድ ላይ ብንሰካቸው ግፊቱን ተካፍለው ሁለቱም ይፈዛሉ። አንዱን ብናወጣው ሌላውም ይጠፋል፤ ቺንጋው ተበጥሷልና። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መሄጃና መመለሻ ሰጥተን ጎን ለጎን ብናቆማቸው ግን ሁለቱም ሙሉ ብርሃን ይሰጣሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አይናወጥም። ቤታችን የተዘረጋው በዚህ በሁለተኛው ዐይነት ነው። የሳሎኑ አምፑል ሲቃጠል የጓዳው የማይጠፋው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ጎን ለጎን መቆም የራሱ ዕዳ አለበት። እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን አምፔር ይጠይቃል፤ የሁሉም ድምር የሚያልፈው ግን ከምሰሶው ወደ ቤት በሚገባው በአንዱ ሽቦ ነው። ዋናው ጉዳያችንም ከዚህ ይጀምራል።

ሁለት ምጣድ በአንድ ሽቦ

በአምባ ጊዮርጊስ ሊገኝ የሚችል አንድ ቤት በሐሳባችን እንውሰድ። ቤቱ ከቆጣሪው 50 ሜትር ይርቃል እንበል። ሽቦው ለመብራት ብቻ የሚበቃ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ነው። መሄጃው 50 ሜትር፣ መመለሻውም 50 ሜትር ስለ ሆነ ኮረንቲው የሚጓዘው 100 ሜትር ነው። የዚህ ሽቦ ተቃውሞ ወደ 1.2 ኦም ገደማ ይሆናል። አንድ ዘጠኝ ዋት የሚወስድ አምፑል ሲበራበት ይህ ተቃውሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

አሁን በዚሁ ሽቦ ላይ የእንጀራ ምጣድ ይሰካ። ምጣዱ ወደ 3,500 ዋት የሚወስድ ስለ ሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይፈልጋል። ይህን ያህል ኮረንቲ በዚያ ቀጭን ሽቦ ሲያልፍ 17 ቮልት ያህል በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ሽቦውም ለራሱ ወደ 250 ዋት ወስዶ ይሞቃል። ጎረቤት ደግሞ ከዚሁ ሽቦ ላይ ቀጥላ ሁለተኛ ምጣድ ጣደች እንበል። በዚህ ጊዜ በመንገድ የሚቀረው ከ30 ቮልት በላይ ይሆናል። ለሁለቱ ምጣዶች የሚደርሳቸው 188 ቮልት ገደማ በመሆኑ እያንዳንዱ ከሙሉ ኃይሉ ሩቡን ያህል ያጣል። እናቶች «ዛሬ ምጣዱ አልግል አለ፤ እንጀራውም ዐይን አላወጣ አለ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የቤቱም መብራት ይደበዝዛል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ወደ 900 ዋት መጠጋቱ ነው። አምፔሩ እጥፍ ባይሞላም ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በልጧል፤ የሽቦ ሙቀት የሚያድገው አምፔሩ በራሱ ሲባዛ ነውና።

ይህ ሙቀት ከጣሪያ ሥር፣ በደረቀ እንጨትና በጭድ ጭቃ መካከል ተደብቆ በሚሄድ ሽቦ ላይ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አያስቸግርም። የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፤ መሄጃውና መመለሻው ይነካካሉ፤ ከዚያ በኋላ ኮንታክት ነው። ሽቦው 4 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ምጣዶች ብክነት ከግማሽ በታች ይወርድ ነበር። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም፤ ቀጭኑ ሽቦ ዋጋውን በየወሩ በቆጣሪው ላይ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም በቤቱ ላይ ያስከፍላል።

ፊውዝ ለምን ይቃጠላል

ፊውዝ በሰርኪቱ ውስጥ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ቦታ ነው። ኮረንቲው ከመጠን ሲያልፍ ከሁሉ በፊት እሱ ይቀልጥና መንገዱን ይቆርጣል፤ በአዳዲስ ቤቶች የሚገባው ብሬከርም በሌላ ዘዴ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ታዲያ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ምስማር ወይም ወፍራም ሽቦ የሚያገቡ ሰዎች አሉ። ይህ ሌባ ሲመጣ ስለ ጮኸ ውሻን እንደ መግደል ነው። ፊውዙ የተቃጠለበትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት እንጂ አፉን መዝጋት መፍትሔ አይሆንም።

ወፏና ሰው

በሽቦ ላይ የተቀመጠች ወፍ ስለ ምን አትሞትም? ብለው ተማሪዎች ይጠይቃሉ። መልሱ ከላይ የተናገርነው ነው። ሁለት እግሯ በአንድ ሽቦ ላይ ስለ ሆነ ኮረንቲው በእሷ በኩል አልፎ የሚመለስበት መንገድ የለውም። የሰው ነገር ግን የተለየ ነው። ለቤታችን የሚመጣው መስመር ሁለት ነው፤ ግፊት ያለበት ፌዝ ይባላል፤ መመለሻው ኒውትራል ይባላል። ኒውትራሉ በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋር ታስሯል። እንግዲህ መሬት ራሷ የመመለሻ መንገድ ናት ማለት ነው። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ፌዙን የነካ ሰው አንዱን ሽቦ ብቻ የነካ ይመስለዋል እንጂ ሰርኪቱን በገዛ አካሉ ዘግቶታል።

የሰው አካል ሲርስ ተቃውሞው እስከ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። በ220 ቮልት የሚያልፍበት ኮረንቲ 0.22 አምፔር ነው። በደረት በኩል አልፎ ጥቂት ከቆየ ከ0.03 አምፔር በላይ የሆነው ሁሉ ልብን ሊያውክና ሊገድል ይችላል። እንጀራ የምትጋግር እናት እጇ በሊጥ የራሰ፣ የቆመችበትም ወለል ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። የምጣዱ ዙሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ፌዙ ከውስጥ ተላቆ ቆርቆሮውን ቢነካ የመጀመሪያዋ መመለሻ መንገድ እሷ ትሆናለች። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሦስተኛው ሽቦ፣ ማለት የመሬት መስመር፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እሱ በሚገባ ከተቀበረ ኮረንቲው በእሱ በኩል በኃይል ተመልሶ ፊውዙን ያቃጥላል፤ ሰውየዋም ትድናለች።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው። አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት፣ ይህ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው መለየት ይገባል። ይህም ለቤት መስመር ብቻ ነው። ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ የተገኘ እንደ ሆነ በእንጨትም ቢሆን አይነካም፤ ከሩቅ ቆሞ ሰውና ከብት እንዳይጠጉ መከልከልና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ማስታወቅ ነው።

ቺንጋውን የሚያዞረው ማነው

እንግዲህ ሰርኪቱን ወደ ኋላ ተከትለን እንሂድ። ከቤት ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ ትራንስፎርመር እንደርሳለን። በትራንስፎርመሩ ወዲያ ማዶ ያለው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ነው፤ በትልልቆቹ የብረት ማማዎች ላይ ያለው ደግሞ 230,000ና 400,000 ቮልት ይደርሳል። ይህን ያህል ግፊት ለምን አስፈለገ? ከሁለቱ ምጣዶች የተማርነው ይመልሰዋል። ቮልቱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው አምፔር አንድ ዐሥረኛ ይሆናል፤ በሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ግን አንድ መቶኛ ይሆናል።

ከዚያም ማዶ ውኃ አለ። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኮረንቲ እንደሚፈጠር አሳየ። ጄኔሬተር ሁሉ የተሠራው በዚሁ ነው። እኛ ዘንድ ማግኔቱን የሚያዞረው በአብዛኛው ወራጅ ውኃ ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከሰሜን ተራራዎች የሚወርዱ ብዙ ወንዞች የሚገቡበት ተከዜ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተይዞ በ2002 ዓ.ም. ኃይል መስጠት ጀመረ፤ አቅሙም 300 ሜጋዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር አቀፍ መረብ የተያያዙ ናቸው።

በዚህ መረብ የሚመጣው ኮረንቲ እንደ ባትሪው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር አይደለም። ሁለት ሰዎች እንደሚስቡት መጋዝ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። መጋዝ እየተመላለሰ እንጨቱን እንደሚቆርጥ፣ ኮረንቲውም እየተመላለሰ ምጣዱን ያግላል።

አንድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት እንዲግል ምን ያህል ውኃ መውረድ አለበት? ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ቢሆን፣ ከማሽኖቹም ምንም ባይባክን፣ ወደ 13,000 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሆን 650 ያህል ነው። በጀርባዋ ውኃ ተሸክማ ዳገት የወጣች ሰው የዚህን ቁጥር ክብደት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በቀጭኑ ሽቦ ላይ በከንቱ የጋለው ሙቀትም ከዚሁ ውኃ የተቀነሰ ነው።

ከወጣቱ የሚጠበቅ

እስካሁን የተናገርነው ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። ተማሪው በቤቱ ያሉትን ዕቃዎች ዋት ከጀርባቸው ላይ አንብቦ፣ ደምሮ፣ ለ220 አካፍሎ ስንት አምፔር በአንድ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ለወላጆቹ ሊነግራቸው ይችላል። ሽቦ መፍታትና ፊውዝ መክፈት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ የእሱ ድርሻ ማየትና ማስላት ነው።

ወጣቱ ሹምም የራሱ ድርሻ አለው። የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ ሕንፃ ተሠርቶ ርክክብ ሲደረግ፣ ቀለሙንና ጣሪያውን ብቻ አይቶ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ሽቦው ለሚሸከመው ዕቃ ይበቃል ወይ? ፊውዙ ወይም ብሬከሩ በሽቦው ልክ ነው ወይ? የመሬት መስመሩ ተቀብሯል፣ ተለክቷልስ ወይ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ኮረንቲ የግድ መመለሻ እንደሚፈልግ ማወቅ ይበቃል። መመለሻውን እኛ በሽቦ ካላዘጋጀንለት፣ እሱ በሰው አካል በኩል ያዘጋጃል።